በቀኝ በር የገባው ሰው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽ አሁንም ይንቋቋል? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ክር በመርፌ ለማስገባት ጎረቤትሽን መጥራት ጀመርሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «እኔው እበቃለሁ» እያልሽ አሥር ጊዜ ትስቺዋለሽ? የላክሁልሽ መነጽር ከመሳቢያው ወጥቶ አፍንጫሽ ላይ ከተቀመጠ እሰየው። ካልወጣም አትዋሺኝ፤ ልጅሽ ነኝ፣ አውቅሻለሁ።

እኔ «ደህና ነኝ» ብዬ ለመጀመር ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ጤናዬስ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ከሥራ ግን ተባርሬያለሁ። ዛሬውኑ የምጽፍልሽ ወሬው ቀድሞኝ እንዳይደርስሽ ነው፤ የሚደርስሽ ወሬ «ከዋናው ተዋናይ ጋር ነገር ነበራት፣ ሲተዋት አበደች» የሚል ነውና። ውሸት ነው። ልጁ መልከ መልካም ነው፣ አልክድም፤ ከእኔ ጋር ያወራው ነገር ቢኖር ግን የሸሚዙ ቁልፍ ስንቱ ተከፍቶ እንደነበር ብቻ ነው። እሱም ሥራዬ ስለሆነ።

ሥራዬን ስንት ጊዜ አስረድቼሻለሁ፤ አንቺም ስንት ጊዜ «ታዲያ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» ብለሽኛል። ዛሬም ላስረዳሽ፣ ዛሬ ያስፈልጋልና። ፊልም ላይ ዛሬ በሩን የከፈተ ሰው በሩን የሚዘጋው ከሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ካሜራው አጠገብ ተቀምጦ ሁሉን ይመዘግባል፦ ብርጭቆው በየትኛው እጅ ነበር፣ ሲጋራው ምን ያህል ቀርቶት ነበር፣ ደሙ የትኛው ጉንጭ ላይ ነበር። ኮንቲኒውቲ ይሉታል። ያቺ ሰው እኔ ነበርኩ። ሜካፕ ሠሪዋ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት፣ «አንቺን ያገባ አለቀለት፤ አድርጎት የወጣውን ካልሲና አድርጎት የገባውን ካልሲ ታስተያዪበታለሽ» ትለኝ ነበር።

የማን ፊልም እንደሆነ ሳልነግርሽ ሥራውን መያዜ ጥፋቴ ነው። የሻምበሉ ሕይወት ነው። ያ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ባለ ቁጥር አንቺ ተነስተሽ ወደ ጓዳ የምትገቢለት ሰውዬ። አንድ ፊልም ላይ ሻምበል ሆኖ ስለተጫወተ አገር በሙሉ ሻምበል የሚለው፣ በእውነተኛው ጦርነት ግን ተራ ወታደር የነበረው። አሁን አምሳ ዓመቱ ነው፤ ሽበቱን ሲያዩ ወንበር የሚለቁለት ብዙ ናቸው። እኔ ግን በዚህ ደብዳቤ «እሳቸው» አልለውም። ንዴቴን ታገሺኝ። አንቱታውን ለሌላ ሰው አስቀምጬዋለሁ።

ታሪኩን አንቺም ሰምተሻል፤ ያልሰማ የለም። በጦርነቱ የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። አሥራ አንድ ቁስለኛ ጭኖ ድልድዩን ሲሻገር ተኩስ ይከፈትበታል። ረዳቱ ከጋቢናው ዘሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። ሻምበሉ ክንዱን ተመትቶ፣ ብቻውን፣ በአንድ እጁ መሪ እየያዘ አሥራ አንዱንም ሆስፒታል ያደርሳል። በዚህ ታሪክ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በጋዜጣው ፎቶ ለፊልም ተመረጠ፣ ከዚያ ወዲህ የተጫወተው ሁሉ ከዚያ ቀን የተቀዳ ነው። የመጀመሪያው ፊልሙ ላይ ያ ረዳት ሲዘል ሱሪው በሩ ላይ ይያዝና ይቀደዳል፣ ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። የረዳቱ ስም ፉጨት ነው።

ያ ፊልም የወጣ ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር። በመንገድ ስናልፍ የሰፈር ልጆች ከአጥር ጀርባ ያፏጩብን ነበር። አንቺ እጄን ጠበቅ አድርገሽ ይዘሽ «ወፍ ነው፣ ወፍ ነው» ትይኝ ነበር። ብዙ ወፍ ያለበት ሰፈር ይመስለኝ ነበር። በዚያው ክረምት ቤት ለወጥን፤ አዲሱ ትምህርት ቤትም በአያቴ ስም ተመዘገብኩ። የፊልሙ ሰዎች ማን እንደሆንኩ ያላወቁት ለዚህ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባቴ በእርግጥ ከድቶ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ። ቀና አላልሽም። «የሞተ ጀግና ልጅ አያሳድግም» አልሽና የስፌት መኪናሽን ረገጥሽው። መልስ መስሎኝ ነበር። ለዓመታት ሳላምጠው ዋጥኩት።

እና ስክሪፕቱ ገጽ አርባ አንድ ላይ «ፉጨት በሩን ከፍቶ ይዘላል» የሚለውን ሳነብ ለምን ጥዬ እንዳልወጣሁ ትጠይቂኝ ይሆናል። አባቴ መሸሹ ካልቀረ እኔው ልመዝግበው ብዬ ነው። በምን ጫማ፣ በየትኛው በር፣ ፊቱ ወዴት ዞሮ። ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈለግሁም።

ቀረጻው በቀድሞ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ጣሪያው ላይ የቀረው ዱቄት መብራት ሲሞቀው እንደ አመዳይ እየረገፈ ያስነጥሰናል። አምቡላንስ የምትሆነዋን መኪና ከብረታ ብረት ክምር አውጥተው ቀለም ቀብተዋታል። የሻምበሉን ወጣትነት የሚጫወተው መልከ መልካሙ ልጅ ጋቢና ውስጥ ሲገባ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ጎንበስ እያለ አስቸገረ። ዳይሬክተሩ ጮኸ፣ ደገመ፣ ጮኸ። አምስተኛው ላይ፣ አማካሪ ሆኖ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሻምበል ተነሳ። «አየህ ልጄ» አለው፣ «መኪና እንደ ወይዘሮ ናት፣ ተንበርክከው አይገቡባትም።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳያስብ፣ እየሳቀ፣ በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ የቀኙን በር ከፈተ። ወደ እግሩ ሳያይ መርገጫውን ረገጠ፣ ወደ ላይ ሳያይ እጀታውን ጨበጠ፣ ተወርውሮ ገባና ቀኝ ክንዱን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። እንዴት ያምር ነበር! ሃያ ስምንት ዓመት ያልረሳው ሰውነት ነው። ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም፣ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። መሪው በግራ ነው፣ እማዬ። ሾፌር በግራ በር ነው የሚገባው።

እሱም ትንሽ ቆይቶ ባዶ እጁን አየ። «አይ እርጅና!» ብሎ ሳቀና በመቀመጫው ላይ ወደ ግራ ተንሸራተተ፤ ጉልበቱ ማርሹን መታው።

ያን ጊዜ ነው በየቀኑ ሳየው የነበረውን ነገር ያየሁት። ጠባሳው ቀኝ ክንዱ ላይ ነው፣ በውጭ በኩል። ልጁን ስትቀባ ሜካፕ ሠሪዋ ቀልዳበት ነበር፦ «ይሄ ጥይት በግራ የተቀመጠውን ሰው ቀኝ ክንድ ለማግኘት ዞሮ ነው የገባው?» ዳይሬክተሩም «ጥይት መንገድ አይጠይቅም፣ አንቺ ቀቢ» ብሏት ነበር። ሁላችንም የምንቀልድበት ሌላም ነገር ነበር፦ ሻምበሉ በሃያ ፊልሙ ሁሉ መኪና ነድቶ አያውቅም። ሁልጊዜ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ነው የሚነዳው። «የጦርነቱ ጠባሳ ነው፣ መሪ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል» ይላሉ፤ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል።

ጠጋ ብዬ፣ ያኔ ገና በአንቱታ፣ ለልጁ እንዲያሳዩት ፍሪሲዮኑን እስከ ምን ድረስ እንደሚረግጡት ጠየቅሁት። ሦስቱን ፔዳሎች ቁልቁል አያቸው። ሰው ድግስ ላይ የማያውቃቸውን ሰዎች እንደሚያይ አያቸው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ሳይሆን እጄን አየ፤ አንቺ ትምህርት ቤት ስጨርስ የሰጠሽኝን የአባቴን ሰዓት። ውሃ ጠየቀ።

የቀኑ ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በቀኝ በር ገባ። ጠባሳ፦ ቀኝ ክንድ፣ የውጭ በኩል። ፔዳል አያውቅም። በዚያ ቀን መሪ የያዘው ሌላ ሰው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጣቱ መካከል ይዞ፣ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ መጣ። ቅደጂው አለኝ። አልቀድም አልኩ። ሥራሽ መመዝገብ እንጂ መፍረድ አይደለም አለኝ። እኔም መዘገብኩ እንጂ አልፈረድኩም፣ ፍርዱን ሲያነቡት ራስዎ ነዎት ያገኙት አልኩት። ጆሮው ቀላ። «አንቺ ማነሽና ነው? የማን ልጅ ብትሆኚ ነው?» ብሎ ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አርባ ሰው ፊት፣ የፉጨት ልጅ ነኝ አልኩ። ከጀርባ አንዱ በቀልድ አፏጨ። ወፍ ነው ብዬ አላለፍኩትም። ዞሬ አየሁት፤ መብራት የሚሸከመው ሰውዬ ነበር፣ ዓይኑን ሰበረ።

በዚያው ሰዓት ተባረርኩ። ስሜም ከፊልሙ መጨረሻ ዝርዝር ወጣ። ያ «ሲተዋት አበደች» የሚለው ወሬ ከሰዓት በኋላ ተፈጠረ፤ ለምን እንደተባረርኩ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጥ መልስ ያስፈልጋቸው ነበርና። መልከ መልካሙ ልጅ «ውሸት ነው» ማለት ይችል ነበር። ጸጉሩን አስተካከለ።

በሦስተኛው ቀን ሜካፕ ሠሪዋ ደውላ «የልብስ መጋዘኑ በር ክፍት ነው፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ደካማ ነው፣ ማን እንደገባ አላየሁም» አለችኝ። ገባሁ።

ሻምበሉ መስታወቱ ፊት ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ወረቀት ሰክተውለታል፤ ለመዝጊያው ትዕይንት ሙከራ የፊቱ ግማሽ ተቀብቷል፣ ግማሹ ገና ነው። ጠረጴዛው ላይ ለአድናቂ የሚሰጡ ፎቶዎች ተከምረው እየፈረመ ነበር። ፊርማው ረጅም ጅራት አለው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ስሙን ከሥር አቅፎ እንደ ተኛች ድመት ጅራት ይጠቀለላል። ያን ሳይ ልናገር አዘጋጅቼው የመጣሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው። «አሁንም አምስት ደቂቃ ይቀድማል?» አለኝ፣ ሰዓቱን እያየ።

አዎ አልኩት።

«መዘግየት ስለማይወድ ነበር የሚያስቀድመው» አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ረዳት ነበር። ሾፌሩ አባቴ ነው። ድልድዩን እንደጨረሱ ከቀኝ በኩል ተኩስ ተከፈተ፣ ጥይት የሻምበሉን ክንድ አገኘው። «እኔ አልወሰንኩም፣ እግሬ ነው የወሰነው» አለኝ። ዘሎ ቦይ ውስጥ ገባ። አባቴ አላቆመም፤ ከኋላ አሥራ አንድ ሰው ነበራ። አንድ ጊዜ ስሙን ጠራው፣ ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። ሲፈራ ነበር የሚያፏጨው አለኝ። አንቺ ይህን ታውቂ ነበር? እኔ ሲደሰት ይመስለኝ ነበር። ፉጨቱን ሞተሩ እስኪውጠው ድረስ ከቦዩ ውስጥ ሰማው።

እሱ በሌላ መኪና ግማሽ ቀን ዘግይቶ የድንኳኑ ሆስፒታል ሲደርስ አባቴን ከሞቱት ጋር አስተኝተውታል። ጎኑን ተመትቶ ነው እስከዚያ የነዳው፤ ደርሶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ ተደፋ። ኮቱን ለአንድ ቁስለኛ አልብሶ ስለነበር ኪሱ ውስጥ ወረቀት አልተገኘም፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ዝርዝር የያዘች ነርስ የዚህ መኪና ሰው ማነው ብላ ጠየቀች። እኔ አለ። ሁለት ነበራችሁ፣ ሁለተኛውስ አለችው። «ዝም ስል ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ‹ጠፋ› ብላ ጻፈች» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ፎቶ አንሺ መጥቶ መኪናዋ አጠገብ አቆመው። ከዚያ በፊት ግን ወደ ሟቾቹ ሄዶ ሰዓቱን ከአባቴ እጅ ፈትቶ ወስዷል።

አልቅሶ ነበር። ግማሹ ቀለም ወረደ። ተዋናይ ነው፣ ማልቀስ ያውቃል፤ እኔም ሥራዬን አውቃለሁና የትኛው ዓይኑ ቀድሞ እንዳለቀሰ አየሁ። ያቺ ነርስ እኔ ብሆን ኖሮ በየትኛው በር እንደወረድክ እጠይቅህ ነበር አልኩት። «ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ሌላ ሰው ሆኜ እኖር ነበር።»

የምፈልገውን ነገርኩት። ፊልሙ የሚያልቀው እሱ ራሱ፣ በገዛ ፊቱ፣ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ለካሜራው በሚናገረው ቃል ነው። የሚቀረጸው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ያን ቀን በቀኝ በር ገብተህ፣ በረዳቱ ቦታ ተቀምጠህ፣ ማን እንደነዳ ተናገር አልኩት። ዳይሬክተሩ ቢቆርጠውም ቢጥለውም፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ተናገር። አርባ ሰው አፍ አለው።

ፎቶዎቹን ደረደረ፣ በተነ። እምቢ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር፤ ለእምቢታው አፌን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረና «እናትሽን ጠይቂያት» አሉኝ። «እሷ ተናገር ካለችኝ እናገራለሁ። ለእሷ የሰጠሁት ቃል አለ።»

«አሉኝ» ማለቴን አሁን አየሁት። አልሰርዘውም።

ምን ቃል እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ለምን እንዳልጠየቅሁ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ክፍሌ ገብቼ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ፤ የትምህርት ቤት ካርዶቼን አንድም ሳላስቀር ይዤ እንደምዞር ታውቂ የለ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ከአንቺ ፊርማ በታች «ረጂ» የሚል መስመር አለ፤ በላዩም ያው እንደ ድመት ጅራት የተጠቀለለ ፊርማ። ልጅ ሆኜ ጣቴን በዚያ ፊርማ ጅራት ላይ እያስኬድኩ ይሄ ማነው ስልሽ «የማኅበሩ ሊቀ መንበር» ትይኝ ነበር። የትኛው ማኅበር እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም። ትናንት ካርዶቹን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ሰዓቱንም ፈትቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩት። ከዳ የተባለ ሰው ሰዓት ማን ያመጣል ብዬ በሃያ ስምንት ዓመቴ አንድ ቀን እንኳን አለማሰቤ ገረመኝ። የሰው ቁልፍ ስቆጥር የገዛ ቤቴን ሳልመዘግብ ኖሬያለሁ።

እማዬ፣ ሳልሰማሽ አልፈርድብሽም። ሳልሰማሽም ይቅር አልልሽም። ልጆቹ ሲያፏጩብን እጅሽ እጄን እስኪያመኝ ይጨብጥ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያኔ እንዳልጠፋ ነው ብዬ ነበር። ጎረቤት የከዳተኛ ሚስት ሲልሽ አንዲት ቃል ሳትመልሺ ጨርቅሽን ትቀድጂ ነበር። ምን ያህል እንደከበደሽ እኔ አልመዘንኩትም፤ መለኪያውም የለኝ። ግን ስሙ የአንቺ ብቻ አይደለም። የእኔም ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የእሳቸው ነው፤ አንቱታውን ያስቀመጥኩላቸው የአባቴ።

ረጅም ደብዳቤ አልጠብቅም፤ አጻጻፍሽን አውቃለሁ፣ ሁለት መስመር ጽፈሽ «እጄ ደከመ» ትያለሽ። አንድ ቃል ይበቃኛል። «ይናገር» ወይም «አይናገር»። እስከ ረቡዕ ይድረሰኝ። «ይናገር» ካልሽ ሜካፕ ሠሪዋ ሐሙስ ጠዋት እንደገና ዓይኗ ይደክማል፣ እኔም ከልብሶቹ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። «አይናገር» ካልሽም ያቺ የቀን ወረቀት አልተቀደደችም፣ እኔ ዘንድ አለች፤ እኔም አፍ አለኝ። ያን ጊዜ ግን ያላንቺ ይሆናል፤ ያላንቺ እንዲሆን ደግሞ አልፈልግም።

«የሞተ ጀግና ልጅ አያሳድግም» ብለሽኝ ነበር። ካርዶቹን ወደ ሻንጣው ስመልስ መልሱ ገባኝ። አባቴ አሳድገውኛል እኮ፣ እማዬ። የነበራቸውን ሁሉ፣ ስማቸውን ሳይቀር ሰጥተው አሳድገውኛል።

ጉልበትሽን አምላክ ያጽናልሽ፤ ዓይንሽን አያደክምብሽ፤ ለደጅሽ ደግ ሰው ያምጣልሽ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ብቻሽን አትሁኚ፤ መነጽሩንም አድርጊ። ምን ብትመልሺልኝ ሐሙስ አልፎ አርብ እመጣለሁ፣ አምስት ደቂቃ ቀድሜ።

የአንቺና የሾፌሩ ልጅ